የጅምላ ግዢ ቀላል ለሆነ ኑሮ ይሆናል?
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ አንድ ጉዳይ ላይ ያረፉ ናቸው፦ ኑሮውን ቀለል ማድረግ የሚፈልግ ሰው በትልቅ መጠን ቢገዛ ይጠቀማል ወይ? የሚነሡት ደግሞ ሁለት ዓይነት መደብሮች ናቸው። አንደኛው በዓመታዊ የአባልነት ክፍያ የሚገባበት፣ ዕቃ በካርቶንና በጆንያ የሚሸጥበት ነው። ሁለተኛው እህሉም ሳሙናውም ያለ ማሸጊያ ተቀምጦ፣ ገዢው በያዘው ዕቃ የሚፈልገውን ያህል አስመዝኖ የሚወስድበት ነው። ሁለቱንም ሰው «ጅምላ» ይላቸዋል፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። የመጀመሪያው ብዙ እንዲወስዱ ይገፋፋል፣ ሁለተኛው ጥቂት መውሰድን ይፈቅዳል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴና እኔ ዕቃም ወጪም ቀንሰን መኖር ከጀመርን ዓመት ሊሞላን ነው። ጓደኞቻችን የጅምላ መደብር አባል እንድንሆን ይጎተጉቱናል። «በርካሽ ትገዛላችሁ፣ መመላለሱም ይቀርላችኋል» ይላሉ። እኔ ግን ቤታችን መጋዘን እንዳይሆን ፈርቻለሁ። ልጅ የለንም። አባል እንሁን ወይስ ይቅርብን? (ሁለት ሆነን)

መልስ፦ ፍርሃትዎ ምክንያት አለው፤ ነገር ግን ሁለት ስሌት ሠርተው ቢወስኑ ይሻላል። ሁለቱም በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ ተሠርተው የሚያልቁ ናቸው።

የመጀመሪያው የአባልነት ክፍያው ነው። ዓመታዊ ክፍያውን በአማካይ ለሚያገኙት ቅናሽ ያካፍሉት። ክፍያው 60 ቢሆንና ዕቃው አሁን ከሚገዙበት ዋጋ በአማካይ 15 በመቶ ቢረክስ፣ 60 ለ0.15 ሲካፈል 400 ይመጣል። አሁን በሚከፍሉት ዋጋ 400 የሚያወጣ ዕቃ በዓመት ውስጥ ከዚያ መደብር ካልገዙ የከፈሉት አልተመለሰልዎትም ማለት ነው። ሰው የሚሳሳተው ይህን 400 ሲሞላ ነው። መቆጠር ያለበት አባል ባይሆኑም ይገዙት የነበረው ዕቃ ብቻ ነው። ሩዝና ሳሙና ሊገዙ ገብተው ዓይንዎ የገባ ብርድ ልብስ 40 በመቶ ቢቀነስለትም ከሒሳቡ ውጭ ነው፤ የወረደው የብርድ ልብሱ ዋጋ ነው፣ የእርስዎ ወጪ ግን ጨምሯል።

አማካይ ቅናሹን በወሬ አይቀበሉት። አዘውትረው የሚገዟቸውን 15 ያህል ዕቃዎች ዝርዝር ይያዙና ከጓደኞችዎ ጋር አንድ ቀን ይግቡ። የጥቅሉን ዋጋ ለኪሎው ወይም ለሊትሩ እያካፈሉ ይጻፉ። የ3 እና የ5 ኪሎ ጥቅል የሚነጻጸሩት የአንዱ ኪሎ ዋጋ ሲታወቅ ነው። በመጸዳጃ ቤት ወረቀት ላይ የጥቅልሉ ቁጥር ያታልላል፤ አንዱ ጥቅልል ከሌላው በእጥፍ ሊረዝም ስለሚችል ሜትሩን ወይም የቅጠሉን ብዛት ይቁጠሩ። የልብስ ሳሙና ደግሞ በኪሎ ሳይሆን በእጥበት ብዛት ነው የሚሰላው፤ ለአንድ እጥበት ስንት ግራም እንደሚወስድ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል። ይህን ሲያደርጉ ከዝርዝርዎ ውስጥ ምንም የማይረክሱ ዕቃዎች ብቅ ማለታቸው አይቀርም።

ሁለተኛው ስሌት የብክነት ነው። ቅናሹ 20 በመቶ ከሆነ፣ ከገዙት 20 በመቶውን የጣሉ ዕለት ቅናሹ አብሮ ተጥሏል። አምስት ኪሎ ገዝቶ አንዱን ኪሎ መጣል ማለት ነው። ከዚያ ካለፈ በችርቻሮ ከሚገዛው ጎረቤትዎ የበለጠ ከፍለዋል። 10 በመቶ የረከሰ ከሆነ ደግሞ ከአሥር እጅ አንዱን እጅ ማበላሸት ይበቃል። ይህች ስሌት ለየትኛውም ዕቃ ትሠራለች፤ «ቅናሹ ስንት ነው?» ብለው ሲጠይቁ «ስንቱን ብጥል አይጎዳኝም?» የሚለውንም አብረው መመለስዎ ነው።

በቁጥር የማይያዝ ሦስተኛ ነገር አለ። ጓዳ ውስጥ የተትረፈረፈ ነገር ቶሎ ያልቃል። ጨው ስለበዛ ማንም ጨው አያበዛም። ብስኩት፣ ለውዝ፣ ቸኮሌትና ጭማቂ ግን ሲበዙ እጅ ይለቀቅባቸዋል፤ የወሩ ነው የተባለው በአሥር ቀን ያልቅና ሌላ ይገዛል። እንዲህ ያለውን በትንሽ ጥቅል መግዛት፣ የኪሎው ዋጋ ቢወደድም እንኳ፣ በዓመቱ መጨረሻ ርካሽ ይወጣል።

ለሁለት ሰው ቤት ፍርዳችን ይህ ነው። በጅምላ መግዛቱ የሚያዋጣዎት ዕቃ ከስድስት ወይም ከስምንት ዓይነት ካላለፈ አባልነቱን ይተዉት። እነዚያን ጥቂት ዕቃዎች ጓደኞችዎ ሲሄዱ አብረው ሄደው በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ይግዙ። መደብሩ ሩቅ ከሆነ ደግሞ የመጓጓዣውን ወጪና የሚያጠፉትን ግማሽ ቀን ከቅናሹ ላይ ይቀንሱ፤ ቀለል ያለ ኑሮ ብለው ሲነሡ ሊያተርፉት የፈለጉት ጊዜንም ጭምር መሆኑ አይረሳ።

ጥያቄ፦ በግምት ስገዛ አንዳንዱ ያንሰኛል፣ አንዳንዱ ይበላሽብኛል። ለቤቴ የሚበቃውን መጠን በትክክል የማውቀው እንዴት ነው? አራት ነን። (የጓዳ ኃላፊ)

መልስ፦ ግምት የሚያሳስተው ሰው የሚያስታውሰው የገዛበትን ቀን ስለሆነ ነው። የሚያስፈልገው ግን የተከፈተበትና ያለቀበት ቀን ነው። ወረቀት ማጣበቂያና እስክሪብቶ ጓዳ ውስጥ ያስቀምጡ። አንድ ዕቃ ሲከፈት ቀኑን ጽፈው ይለጥፉበት፤ ሲያልቅ መጠኑንና ስንት ቀን እንደቆየ ደብተር ላይ ያስፍሩ። ስምንት ሳምንት ይበቃል። እንግዳ የበዛበት ወይም ከቤት ርቃችሁ የሰነበታችሁበት ሳምንት ካለ ምልክት ያድርጉበት።

ከዚያ በሳምንት የሚሄደውን መጠን ዕቃው ሳይበላሽ በሚቆይበት ሳምንት ያባዙና ከውጤቱ ሩቡን ይቀንሱ። የቀረው በአንድ ጊዜ ሊገዙት የሚገባው የመጨረሻው መጠን ነው። ለምሳሌ ፍሩሽካው ያልተለየ የስንዴ ዱቄት በክፍል ሙቀት 12 ሳምንት ያህል ይቆያል። ቤትዎ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ከጨረሰ 6 ኪሎ ይመጣል፤ ሩቡ ሲወጣ 4.5 ኪሎ ይቀራል። የ25 ኪሎው ጆንያ 50 ሳምንት ይወስድብዎታል። ዋጋው በግማሽ ቢወርድ እንኳ ትርፍ የለውም፤ በጊዜው የሚበላው ከሩቡ አያልፍምና።

ሩቡ ለምን ይቀነሳል? ዕቃው እጅዎ ከመግባቱ በፊት መደርደሪያ ላይ ምን ያህል እንደሰነበተ አይታወቅም። ሙቀትም ዕድሜውን ያሳጥረዋል፤ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የመበላሸት ፍጥነት በግምት እጥፍ ይሆናል። ከምድጃ በላይ ያለ መደርደሪያ ለዚህ ነው ከሁሉም የከፋ ቦታ የሚሆነው።

የመቆያ ጊዜው የሚወሰነው በአመዛኙ በእርጥበትና በቅባት ነው። ጨው፣ ስኳርና ማር ደርቀው ወይም ተከድነው ከተቀመጡ ጊዜ አይገድባቸውም፤ ቢጋግሩ ወይም ቢረጉ አልተበላሹም። ነጭ ሩዝ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ፣ በደንብ በተዘጋ ዕቃ ለዓመታት ይቀመጣል። ቡናማ ሩዝ ግን ቅባት ያለው ሽፋኑ ስላልተገፈፈ ስድስት ወር ገደማ ነው። በዱቄትም ያው ነው፤ ነጩ ዓመት ያህል ሲቆይ ፍሩሽካ ያለው በሦስት ወር ይመራል። ምስርና ባቄላ ሲቆዩ አይመርዙም፤ ሁለት ዓመት ካለፋቸው ግን ቢዘፈዘፉም ቢቀቀሉም አልበስል ይላሉ፣ በርካሽ የተገዛው ባቄላ በማገዶው ይወደዳል። ለውዝ፣ ሰሊጥና ሌላው የቅባት እህል በማቀዝቀዣ ካልሆነ በብዛት አይገዛም። የተቆላ ቡና ከተከፈተ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ነው መዓዛው የሚቆየው። የተፈጨ ቅመም አይበላሽም፣ ግን ይደክማል፤ ያልተፈጨው በብዙ ይበልጠዋል። ቤኪንግ ፓውደር ከተከፈተ ከስድስት ወር በኋላ ይጠራጠሩት፤ አንድ የሻይ ማንኪያ በሙቅ ውሃ ላይ ሲያደርጉ ወዲያው ካልፈላ ኃይሉ አልቋል።

ዘይት የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጠላቶቹ ብርሃን፣ ሙቀትና አየር ናቸው። ከተከፈተ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይቆያል ቢባልም በሁለት ወር የሚያልቅ መጠን ቢገዙ ይሻላል። ትልቁን ዕቃ ዘግተው ጨለማ ቦታ ያስቀምጡና ለዕለት የሚሆነውን በትንሽ ጠርሙስ ይቅዱ። ጠርሙሱ ሲጎድል በላዩ አይጨምሩ፤ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ እንደገና ይሞላ። የቆየው ቅሪት አዲሱን ቶሎ ያበላሸዋልና። የግድግዳ ቀለም ወይም የሰም እርሳስ የሚሸት ዘይት መጣል አለበት፤ ማፍላት አያድነውም።

ማሸጊያ ላይ ያለውን ቀን በተመለከተ አንድ ነገር እንጨምር። «እስከዚህ ቀን ቢጠቀሙበት ይመረጣል» የሚለው ስለ ጥራት ነው፤ ደረቅ እህል ከዚያ በኋላም ይበላል። «እስከዚህ ቀን ብቻ ይጠቀሙ» የሚለው ግን ስለ ደኅንነት ነው፤ ሥጋና ወተት ላይ ሲያዩት አይከራከሩት።

ጥያቄ፦ 25 ኪሎ ሩዝ ገዝቼ በሁለተኛው ወር ነቀዝ ፈላበት። ጆንያው እንደተሰፋ ነበር፣ ማንም አልከፈተውም። ከየት መጣ? አሁንስ ሁሉንም ልጣለው? (ያስመረረው)

መልስ፦ አብሮ ነው የመጣው። የሩዝ ነቀዝ እንስቷ ፍሬውን ትበሳና እንቁላሏን ውስጥ ጥላ ቀዳዳውን ትደፍነዋለች። ትሉ ፍሬውን እየበላ ያድጋል። ሞቅ ባለ ቦታ በወር ገደማ ውስጥ ጎልማሳው ፍሬውን ቀዶ ይወጣል። እርስዎ ያዩት ሁለተኛውን ትውልድ መሆኑ ነው። ሲገዙት ማንም በዓይን ሊለየው አይችልም፤ የሻጩም የእርስዎም ጥፋት ላይሆን ይችላል።

ጥቂት ከሆነ መጣል አያስፈልግም። እፍኝ ሩዝ ውሃ ውስጥ ይጨምሩ፤ ተቦርቡሮ ባዶ የሆነው ፍሬ ይንሳፈፋል። የሚንሳፈፈው ጥቂት ከሆነ አበጥረው፣ አጥበው ይጠቀሙበት። ግማሽ ያህሉ ከተንሳፈፈ፣ ሩዙ ከሞቀ ወይም ሻጋታ ከሸተተ ይጣል። ዱቄት ላይ የሚወጡት ጥቃቅን ቀያይ ጥንዚዛዎች ሲበዙ የሚከረፋ ሽታና ወደ ሐምራዊ ያዘነበለ መልክ ይተዋሉ፤ እንዲህ የሆነ ዱቄት አይነፋም፣ አይበላም።

የቀረውን ለማዳን ቅዝቃዜ ነው የሚያስተማምነው። ፀሐይ ላይ ማስጣት ጎልማሳውን ያባርራል፣ ፍሬ ውስጥ ያለውን ትል ግን በአስተማማኝ አይገድልም። ቅጠላ ቅጠል ጣል ማድረግም እንዲሁ ነው። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ውስጥ አራት ቀን ማቆየት እንቁላሉንም ትሉንም ይገድላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጆንያውን እንዳለ በመክተት ነው፤ እህል ሙቀትን ቀስ ብሎ ነው የሚለቀው፣ መሐሉ ሳይቀዘቅዝ አራቱ ቀን ያልቃል። በሁለት በሁለት ኪሎ ከፍለው፣ በላስቲክ አሥረው በየተራ ያስገቡት። ሲያወጡ ደግሞ ሳይፈቱ አንድ ቀን ይተዉት። ቀዝቃዛ እህል ሲከፈት የአየሩ እርጥበት ይጤዝበታል፤ ከነቀዝ አመለጥኩ ሲሉ ወደ ሻጋታ፣ ከድጡ ወደ ማጡ ነው የሚሆነው።

ከዚያ በኋላ ማስቀመጫው ጠንካራና ክዳኑ ግጥም የሚል መሆን አለበት። ላስቲክና ጆንያ የሚበሱ የነቀዝ ዓይነቶች አሉ። የፕላስቲክ ባልዲ ከሆነ ምግብ የተያዘበት ወይም ለምግብ ተብሎ የተሸጠ ይሁን። ከሥሩ ባለው ሦስት ማዕዘን ውስጥ 2 ወይም 5 ቁጥር መኖሩ ጥሩ ምልክት ነው፤ ቁጥሩ የሚናገረው ግን የፕላስቲኩን ዓይነት ብቻ ነውና ቀለም የተያዘበትን ባልዲ አያነጻውም። ከወለል 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው፣ ከግድግዳም አላቅቀው ያስቀምጡት፤ ሲሚንቶ ወለል እርጥበት ያሳልፋል። መደርደሪያውን አቧራ በሚመጥጥ የኤሌክትሪክ መጥረጊያ ስንጥቁ ሳይቀር ያጽዱ። ፀረ ነፍሳት ግን ምግብ ያለበት ቁም ሣጥን ውስጥ አይረጭም።

ጥያቄ፦ ያለ ማሸጊያ ወደሚሸጠው መደብር የራሴን የመስታወት ዕቃዎች ይዤ መሄድ አስቤያለሁ። ቆሻሻ ለመቀነስ ነው። ልጄ ለለውዝ አለርጂ አለባት። ምን ልጠንቀቅ? (የአንዲት ልጅ እናት)

መልስ፦ ከልጅዎ እንጀምር። ለእርሷ የሚሆን ምግብ ከክፍት ማስቀመጫ አይግዙ። ጭልፋው ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘዋወራል፣ ከላይ ሲሞላ ብናኙ ይቦናል፣ ትናንት ለውዝ የነበረበት ማስቀመጫ ዛሬ አጃ ሊይዝ ይችላል። የመደብሩ ሠራተኛ «ንጹሕ ነው» ቢልዎት እንኳ የሚያውቀው የራሱን እጅ ብቻ ነው፤ ሌላው ገዢ ምን እንደነካ አያውቅም። የስንዴ ፕሮቲን ለሚከለከሉ ሰዎችም ምክሩ ያው ነው። ለልጅዎ የታሸገና ይዘቱ የተጻፈበት ይግዙ፤ ቆሻሻ መቀነሱን በሳሙናው ይጀምሩት።

ዕቃዎቹን በተመለከተ፣ አንድ ሊትር የሚይዝ የመስታወት ዕቃ ባዶውን ግማሽ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሰባት ሲሆን 3.5 ኪሎ ባዶ ጠርሙስ ተሸክመው ሄዱ ማለት ነው። ለደረቅ ነገር በቀጭን ጨርቅ የተሰፋ ከረጢት ይያዙና ቤት ሲገቡ ወደ መስታወቱ ይገልብጡት። መስታወት ለፈሳሽና ለቅባታማ ነገር ብቻ ይሁን። ከመሙላትዎ በፊት ባዶውን ከነክዳኑ ያስመዝኑና ከሥሩ ይጻፉበት። ይህን የረሳ ሰው የመስታወቱን ክብደት በቅመም ዋጋ ይከፍላል፤ ትንሽ ቅመም በከባድ ጠርሙስ ሲሆን ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል።

ታጥቦ ያልደረቀ ዕቃ የሻጋታ መጀመሪያ ነው። ዓይን አይበቃም፤ ከክዳኑ ጎማ ሥር ጠብታ ይደበቃል። ጎማውን አውልቀው ሌሊቱን ሙሉ ያድርቁት። በመደብሩ ከሥር በኩል የሚቀዳው ማስቀመጫ ይመረጣል፤ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይወጣልና። በጭልፋ ከላይ የሚቀዳው ግን ጥጉ ላይ ያረጀ እህል ያስቀራል። ቅባት ያለውን ነገር ሳያሸቱ አይቅዱ። የእያንዳንዱን ስምና ቀን እዚያው ይጻፉ ወይም መለያውን በስልክዎ ያንሡ፤ ከወር በኋላ ሶዳና የበቆሎ ስታርች ጎን ለጎን ሲቀመጡ መለየቱ ቀላል አይምሰልዎት።

ጥያቄ፦ ሦስት ጎረቤታሞች ጆንያ ገዝተን ልንካፈል አስበናል። መጣላት አንፈልግም። (ሦስት በር)

መልስ፦ እኩል አትካፈሉ። እያንዳንዱ ቤት በሚጨርሰው ልክ ይውሰድ፤ አንዱ 12፣ አንዱ 8፣ አንዱ 5 ኪሎ ቢል 25 ሞላ። ክፍያውም በኪሎ ይሁን፤ ከግዢው በፊት ይሰብሰብ። እህሉ በተገዛ ዕለት ይከፋፈል፤ «ለጊዜው እኛ ጋ ይቀመጥ» ከተባለ የነቀዙም የወጪውም ኃላፊ ማን እንደሆነ መከራከሪያ ይሆናል። እስከ 5 ኪሎ የሚመዝን የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል፤ በሁለት በሁለት ኪሎ እየመዘናችሁ በየተራ ለሦስቱ ስጡ። አንዱ ድርሻውን ሙሉ ከላይ ካነሣ የጆንያው ሥር ያለው ስብርባሪና ብናኝ ለመጨረሻው ይደርሳል። ሥጋና የቀዘቀዘ ምግብ እንዲህ ባለ መንገድ ባይከፋፈል ይመረጣል፤ ቀዝቅዞ የቀለጠው እንደገና ሲቀዘቅዝ ማን ምን እንዳገኘ አይታወቅም።

ጥያቄ፦ የምኖረው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ከአልጋ ሥር ማስቀመጥ እችላለሁ? (ጠባብ ቤት)

መልስ፦ ይችላሉ፤ ግን መጀመሪያ ሊትሩን ያስሉ። አንድ ሊትር ዕቃ ሩዝ ወይም ስኳር 850 ግራም ገደማ፣ ምስር 800፣ ዱቄት 550፣ የተዳመጠ አጃ 400 ግራም ብቻ ይይዛል። 10 ኪሎ ሩዝ በ12 ሊትር ሲገባ 10 ኪሎ አጃ 25 ሊትር ይፈልጋል። ለጠባብ ቤት ከባድና ትንሽ ቦታ የሚይዝ ነገር በብዛት ይገዛል፤ ቀላልና የተነፋ ነገር፣ የመጸዳጃ ቤት ወረቀትን ጨምሮ፣ አይገዛም። አልጋ ሥር የሚቀመጠው በሳጥን ሆኖ የሚሳብ ይሁን። የማይታየው ይረሳል፣ የተረሳው ደግሞ ሁለት ጊዜ ይገዛል። ሳሙናና ምግብ አንድ ሳጥን ውስጥ አይቀመጡ፤ ሩዝና ዱቄት ሽታ ይስባሉ።

ጥያቄ፦ 5 ሊትር ፈሳሽ ሳሙና ገዛሁ። ውሃ ጨምሬ ባበዛው ይረክስልኛል? በረኪናም በብዛት ልግዛ? (ቆጣቢዋ)

መልስ፦ ሁሉንም በአንዴ አያቅጥኑት። ሳሙናው ውስጥ ተህዋስያን እንዳይራቡ የሚከላከል ነገር ተመጥኖ ገብቷል፤ ውሃ ሲጨመር እርሱም ይሳሳል። በሁለት ሳምንት የሚያልቀውን ብቻ በትንሽ ጠርሙስ ያቅጥኑ። ጠርሙሱ ሲያልቅ በላዩ መጨመር ሳይሆን በሙቅ ውሃ ታጥቦ ከነመጫኛው መድረቅ አለበት። ካልሆነ እጅ የሚታጠቡበት ነገር ራሱ ይቆሽሻል።

በረኪና በብዛት አይገዛም። ሳይከፈትም ቢሆን ከስድስት ወር በኋላ ኃይሉ እየደከመ ይሄዳል፤ ሙቀትና ብርሃን ያፋጥኑታል። ወደ ሌላ ዕቃ ሲገለበጥም አደጋ አለው፦ ኮምጣጤ፣ ሌላ አሲድ ወይም አሞንያ የነበረበት ጠርሙስ ውስጥ ከገባ መርዘኛ ጋዝ ይወጣል። በመጠጥ ጠርሙስ ማስቀመጥ ደግሞ ፈጽሞ አይገባም፤ ሕፃን ስሙን አያነብም። ደረቅ ሳሙና ግን ያለ ሐሳብ ይግዙ። መጠቅለያውን አውልቀው አየር በሚያገኝበት ሲያስቀምጡት እየደረቀ ይጠነክራል፣ ሲታጠቡበትም ቶሎ አይሟሟም።

ጥያቄ፦ የዓመት ዕቃ በዱቤ ገዝቼ ቀስ እያልኩ ብከፍልስ? (ስም አይጻፍ)

መልስ፦ የዓመቱን ሲገዙ ገንዘብዎ በአማካይ ስድስት ወር ጓዳ ውስጥ ጦሙን ያድራል። ዱቤው በዓመት 20 በመቶ ወለድ ቢኖረውና ዕቃው ባለቀ መጠን ቢከፍሉ፣ ለወለድ የሚወጣው ወደ 10 በመቶ ነው። ስለዚህ 8 በመቶ የረከሰ ዕቃ እንዲህ ሲገዛ ተወዷል። ዕዳ እያለብዎ ከሆነ ከሁለት ወር በላይ የሚቆይ ነገር አይግዙ፤ ትርፉን ገንዘብ ዕዳው ላይ ያሳርፉት።

ጥያቄ፦ ምክሩ ዘገየብኝ፤ ጓዳዬ ሞልቷል። ከየት ልጀምር? (የዘገየ)

መልስ፦ ሁሉንም በአንድ ቀን አውጥተው ወለል ላይ ይደርድሩ፤ አንድ ዓይነት የሆኑትን አንድ ላይ። ቅባት ያላቸውን አሽትተው የተበላሸውን ይለዩ። የቀሩትን መጠን ለሳምንት ፍጆታዎ አካፍለው «እስከዚህ ወር ያልቃል» ብለው ይጻፉባቸው። ከመቆያ ጊዜው የሚያልፍ ከሆነ ትርፉን ገና ደህና ሳለ ለሚጠቀምበት ሰው ይስጡ፤ ያልተከፈተውንና ቀኑ ያላለፈውን የሚቀበሉ የምግብ ዕርዳታ ማዕከላት ቅርብዎ ካሉ ይጠይቁ። ቀድሞ የሚያልፈው ከፊት፣ የሚቆየው ከኋላ ሆኖ ይደርደር። ከዚያ የጓዳው በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ወረቀት ይለጥፉና የመጨረሻው ጥቅል ሲከፈት ብቻ ስሙን ይጻፉበት። የገበያ ዝርዝርዎ ከዚያ ወረቀት ላይ ካለው አይለፍ።